አሻራው አልተመሳሰለም

መስከረም 12

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፤

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ይዞዎታል? ልጅዎ፣ ልብስ ሰፊዋ እህቴስ ደህና ናት? እኔ ብርዱን ከመሸሼ በቀር ደህና ነኝ፤ ሥራም ጤናም አልጎደለኝም። ስልክ እንዳልደውልልዎ ጆሮዎ ከ"ሃሎ" ወዲያ እንደማይሻገር አውቃለሁ። ስለዚህ እንደለመድነው በነጋዴዋ ጎረቤታችን እጅ ልኬያለሁ። ዕድሜ ይስጥልን፤ ዕቃ ልታመጣ ስትመላለስ የእኛ ፖስተኛ ሆና ቀረች።

ዛሬ የጻፍኩት ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ባለፈው ሳምንት የክሊኒኩ ዶክተር ደውለውልኝ ነበር። የእርስዎ የመዝገብ ክፍል ጣሪያ አፍስሶ የሕሙማኑ ፋይል ያለበትን ሰርቨር ውኃ ነካው፤ መጠባበቂያ ቅጂው ያለበት ትንሿ ዲስክም ጠፋች፤ ጠጋኝ ወስዶ በሦስተኛው ቀን አስተካክሎ መለሰው፤ ማሽኑ ጠፍቶ ስለነበር የቀረው አንቺ ከዚያ ሆነሽ የይለፍ ቃሉን አስገብተሽ መክፈት ነው አሉኝ። እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። ገና ልገናኝ ስል የራሴ ኮምፒውተር እምቢ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰርቨር ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ ምስጢር ነው፤ ከሆዱ አይወጣም። ሌላው ይፋዊ ነው፤ ለሚገናኘው ሁሉ ያሳየዋል፣ ማንነቱም የሚታወቀው በዚያ ነው። ይፋዊውን ማንም ሊገለብጠው ይችላል፤ ምስጢሩ ከሌለው ግን "እኔ ነኝ" ብሎ ማስመስከር አይችልም። የዛሬ ሦስት ዓመት መጥቼ ሰርቨሩን ስተክል ኮምፒውተሬ ይፋዊውን ቁልፍ ከታመኑት ዝርዝር ውስጥ አስገብቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ በተገናኘን ቁጥር ያመሳክራል። እስካሁን አንድም ቀን ተለውጦ አያውቅም። አሁን ግን የመጣው ሌላ ነው።

የቁልፉ ማሳጠሪያ አርባ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ነው፤ አሻራ እንለዋለን። ያን ጊዜ እርስዎም በንብረት መዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ላይ በእጅዎ ጽፈውታል። እባክዎ ማሽኑ ፊት ይቀመጡና ከዚህ ጋር ባያያዝኩት ወረቀት ላይ ያለችውን መስመር ይጻፉ፤ አሻራውን በስክሪኑ ያሳይዎታል። እሱንና የመዝገቡን ጎን ለጎን ገልብጠው ይላኩልኝ። ቸኩዬ ባስገባና ወዲያ ማዶ ያለው ሌላ ሰው ቢሆን፣ የስድስት መቶ አሥራ አራት ሰው ምስጢር በአንድ ቃል አስረከብኩ ማለት ነው። ሰው የሚሸሽገውን በሽታ የሚታከሙ ሰዎች ናቸው። ቃሉን እዚያ ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው እንዳያውቀው የተባለውም በዚሁ ነው።

ደህንነትዎን ያሰማኝ።
የእህትዎ ልጅ

—

መስከረም 29

ይድረስ ለመርማሪዬ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ናፍቆቴ ይቅደምልሽ። ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ፣ ያሰብሽው ይሙላ። ገና በአራት ዓመትሽ "ጥላ ሲመሽ የት ይሄዳል" ብለሽ ያስጨነቅሽኝ ልጅ፣ ይኸው ዛሬም ከባሕር ማዶ ትመረምሪኛለሽ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይሉ የለ?

ጉልበቴ እንዳለ አለ፤ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። የመዝገብ ክፍሉ ጣሪያ በላስቲክ ተሸፍኗል። ግድግዳው ገና አልደረቀም፣ የወረቀት ካርዶቹን አንድ በአንድ ዘርግቼ ሳደርቅ ከረምኩ፤ አብዛኞቹ ግን ቀለማቸው ፈስሶ አይነበቡም። ጠጋኙ ትሑት ሰው ነው፤ ሳያንኳኳ አይገባም። ማሽኑም ደህና ነው፣ መብራቱ እንደ ድሮው ብልጭ ድርግም ይላል።

ዶክተሯ ግን ቸኩለዋል፤ ቢቸኩሉም አይፈረድባቸውም። ያለፈው ማክሰኞ አንድ ሽማግሌ መጡ። ከሁለት ዓመት በፊት ያልተስማማቸውን መድኃኒት እሳቸውም ረስተውታል፣ ፋይላቸውም ተዘግቷል፤ ያንኑ መልሰው ሰጧቸው። በማግስቱ ልጃቸው ደግፏቸው ሲመጡ ፊታቸው በሽፍታ ተሸፍኖ ዓይናቸው አይታይም ነበር። ተርፈዋል። ቀጣዩ ይተርፍ አይተርፍ ግን እንጃ።

ስለዚህ ልጄ፣ እኛ እዚህ ሆነን ያየነውን እመኚንና ክፈቺው። ስለ አሻራው ጊዜ ሳገኝ እጽፍልሻለሁ። ነጋዴዋ በር ላይ ቆማ ስለምትጠብቀኝ በዚህ ላብቃ።

ቸር ያገናኘን።
አጎትሽ

—

ጥቅምት 11

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኝ ደስ አለኝ። የሽማግሌውን ነገር ሳነብ ግን እጄን ከኪቦርዱ ላይ ለማንሳት ራሴን መያዝ ነበረብኝ። ዶክተሯም ሁለት ጊዜ ደውለውልኛል። በመጨረሻው "አንቺ እዚያ ተቀምጠሽ ትጠራጠሪያለሽ፣ እኔ እዚህ በሽተኛ ፊት እቆማለሁ" ብለው ዘጉት። እውነታቸውን ነው። ይህን ሁሉ ጭንቀት በእኔ እምቢታ ያመጣሁት እየመሰለኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ግን አንድ ነገር ላስረዳዎ። ጠጋኙ ለዶክተሯ "አደረቅሁት እንጂ ምንም አልቀየርኩም" ብሏቸዋል። ምስጢራዊው ቁልፍ የሚኖረው ሰርቨሩ ውስጥ ባለው ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ ያው ከሆነ ቁልፉም ያው መሆን አለበት፤ ውኃ ቁልፍ አይቀይርም። ቁልፉ ከተለወጠ ዲስኩ ሌላ ነው። ዲስኩ ሌላ ከሆነ ደግሞ የሕሙማኑ ፋይል የት ነው ያለው? እኔስ የይለፍ ቃሉን የማስገባው ምን ልከፍት ነው?

ከዚህ በላይ ለዶክተሯ አልተናገርኩም። በጥርጣሬ ብቻ የሰው ስም ማጥፋት ከበደኝ። እርስዎ ማሽኑ ፊት ተቀምጠው ሁለቱን አሻራ ቢልኩልኝ ነገሩ በአንዴ ይለያል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላም ነገር ልጠይቅዎ። ስለ ልብስ ሰፊዋ እህቴ ጠይቄዎት ምንም አላሉኝም። ሌላ ጊዜ የሰፋችውን ኮት ቁልፍ እንኳ ቆጥረው ነበር የሚጽፉልኝ። ደህና አይደለችም እንዴ?

ጤናዎን ይስጥልኝ።
የእህትዎ ልጅ

—

ጥቅምት 27

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንዳልሽው ማሽኑ ፊት ተቀምጬ አየሁ። አሻራው ከመዝገቡ ጋር አንድ ነው። በስተጀርባው ገልብጬልሻለሁ። አንድ ስለሆነ ሁለቴ መጻፍ አላስፈለገም።

እንግዲህ ሰበብ የለሽም። እኔ በዚህ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ። የአጎትሽን ቃል ማሽን ከበለጠው ምን ይባላል? እናትሽ ብትኖር እንዲህ አታስለምኚኝም ነበር። ስለ እሷ ብለሽ ይህን ደብዳቤ እንዳነበብሽ ክፈቺው።

እህትሽ ደህና ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ሥራ በዝቶባታል።

አጎትሽ

—

ኅዳር 6

ይድረስ ለአጎቴ፤

እንደምን አሉ? የላኩት ደረሰኝ። እውነቱን ልንገርዎ፤ የእናቴን ስም ሳይ ልቤ ተሸነፈ። ደብዳቤውን አጠገቤ አድርጌ የይለፍ ቃሉን ለማስገባት ተቀመጥኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ አሻራውን ፊደል በፊደል አመሳከርኩት።

ሃያ አንደኛው ላይ ቆምኩ። እርስዎ "ኦ" የሚለውን ፊደል ጽፈዋል፤ ትክክለኛው ግን ዜሮ ነው። ይህን ስህተት አውቀዋለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት መዝገቡ ላይ ሲጽፉ ያደረጉት ነው። ያን ጊዜ ስነግርዎ ስቀው "መዝገብ አይፋቅም፣ ባለቤቱ ካወቀው ይበቃል" ብለው ተዉት። ማሽን ኦ እና ዜሮ አይሳሳትም አጎቴ። ይህን የገለበጡት ከስክሪኑ አይደለም፤ ከመዝገቡ ነው።

እኔ ጋ በዝርዝር የተያዘው የድሮው አሻራ እርስዎ ከላኩት ጋር፣ ከዚያች አንዲት ፊደል በቀር፣ አንድ ነው። አሁን ማሽኑ የሚያሳየኝ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ስለዚህ ወይ ማሽኑን አላዩትም፣ ወይ አይተውት ደብቀውኛል። የመጀመሪያው እንዲሆን እመኛለሁ፤ ግን አይመስለኝም። እርስዎ የሦስት ዓመት ልጅን ካርድ እንኳ ሁለቴ ሳያዩ የማያስገቡ ሰው ነዎት።

ልቆጣዎት አልፈልግም። አንድ ሰው አስፈራርቶዎታል ብዬ አስባለሁ። ነገር ግን ስድስት መቶ አሥራ አራት ሰው አለ። ያየሁትን ሁሉ ኅዳር 25 ቀን ለዶክተሯ ደውዬ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በፊት ከእርስዎ አፍ ብሰማው እመርጣለሁ። ነጋዴዋን አይጠብቁ፤ በአስቸኳይ ፖስታ ይላኩልኝ።

የእህትዎ ልጅ

—

ኅዳር 14

ይድረስልኝ፤

መርማሪዬ ብዬ ልጀምር አልኩና ተውኩት። እንደምን ነሽ ማለቱም አሳፈረኝ። ዝም ብዬ ልናገር።

የመጀመሪያ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን ማሽኑ ፊት ተቀምጫለሁ። ያልሽውን መስመር ጻፍኩ፣ መዝገቡን ዘረጋሁ። ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ አልገጠመም። መነጽሬን ወልውዬ ደግሜ አየሁ። ያው ነው።

ጠጋኙ ዘንድ ሄጄ ለብቻው ጠየቅሁት። አልተቆጣም። ከመሳቢያው አንድ ካርድ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ በእጁ ገፋ አደረገልኝ። ጣሪያው ያፈሰሰ ሰሞን ማሽኑን መልሶ ሲተክል መዝገብ ክፍሌ ውስጥ ሁለት ቀን ብቻውን ተቀምጦ ነበር፤ ያኔ ነው ከወረቀት ካርዶቹ መሃል ያነሳው። የልጄ ካርድ ነው።

ልብስ ሰፊዋ እህትሽ እዚሁ ትታከማለች። ሁለት ዓመት ሆናት። ከእኔና ከዶክተሯ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አንቺም አታውቂም። ጠጋኙ እንዲህ ነው ያለኝ፤ "ሚስቴ የልጆቻችንን ዩኒፎርም እሷ ዘንድ ነው የምታሰፋው። እኔ ወሬ አልወድም። የእህትዎ ልጅ ቃሉን ታስገባና ሁላችንም እንረፍ።" ከዚያ ካርዱን መልሶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ዩኒፎርም የሚያሰፉ እናቶች ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚያደርጉ አሰብኩ። ልጄ ያለ መርፌና ክር ምን አላት? ስለዚህ ዋሸሁሽ። መጀመሪያ በዝምታ፣ ቀጥሎ በጽሑፍ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ምስጢር ጠብቄ፣ የራሴ ሲመጣ የሌላውን ልሸጥ ተነሳሁ። የሞተችውን እናትሽን ስም መጥራቴ ከሁሉም ይብሰኛል።

ዲስኩ በእሱ እጅ ነው። የት እንዳስቀመጠው አላውቅም። አሁን ምን ላድርግ?

አጎትሽ

—

ኅዳር 22

ይድረስ ለአጎቴ፤

ስለ ነገሩኝ ፈጣሪ ያክብርልኝ። ደብዳቤውን ሳነብ አልቅሻለሁ፤ ግማሹ ለእህቴ፣ ግማሹ ለእርስዎ።

መጀመሪያ የሚያረጋጋውን ልንገርዎ። ዲስኩም ሆነ የጠፋችው የመጠባበቂያ ዲስክ ያለ ይለፍ ቃሉ የሚከፈቱ አይደሉም። ሰውየው ከፈለገ ዓመት ይታገለው። ያን ሁሉ ድራማ የሠራውም ስላቃተው ነው፤ የእሱን ማሽን በእኛ ቦታ አስቀምጦ ቃሉን እዚያ ስጽፍ ሊለቅመው ነበር። የቁልፉ ነገር ብቻ አልታሰበውም። ስለዚህ እስካሁን ከአንድ የወረቀት ካርድ በቀር የማንም ምስጢር አልወጣም።

አሁን የሚያደርጉት ይኼ ነው። መጀመሪያ ለእህቴ ይንገሯት። ምስጢሩ የእሷ ነው፤ በስሟ የሚደረገውን ሳታውቅ እኔና እርስዎ ስለ እሷ መማከር የለብንም። ቀጥሎ ለዶክተሯ። ለሰውየው ምንም አይበሉት፤ "ልጅቷ እሺ ብላለች፣ ቀን እየመረጠች ነው" ይበሉት። ኅዳር 25 ያልኩትን እስከ ታኅሣሥ 2 አራዝሜዋለሁ። ከዚያ በላይ ግን አልችልም፤ አይፍረዱብኝ።

የእህትዎ ልጅ

—

ታኅሣሥ 8

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። የሆነውን እንደሆነ እጽፍልሻለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ወደ ልጄ የስፌት ክፍል ሄድኩ። ሜትሩን አንገቷ ላይ ጥላ የልብስ እጅጌ ትገጥም ነበር። በር ዘግቼ ሁሉንም ነገርኳት፤ ካርዱን፣ ጠጋኙን፣ ለአንቺ የጻፍኩትን ውሸት። እግሯ መርገጫው ላይ እንዳለ የስፌት ማሽኗን አቆመች። ከዚያ ሳታየኝ፣

"አባዬ፣ የእኔን አንድ ስም ልትሸፍን የስንቱን ሰው ስም ልትገልጥ ነበር?" አለችኝ።

ሜትሩን ከአንገቷ አውጥታ ጠቀለለችና "ተነስ፣ እንሂድ" አለች። ዶክተሯ ዘንድ የገባነው ሁለታችንም ነን። እኔ ስናገር ዶክተሯ እኔን አይመለከቱም ነበር፤ ዓይናቸው ልጄ ላይ ነበር። ስጨርስ "ልጅህ ካንተ ይልቅ ደፋር ናት" አሉኝ፤ "እርስዎ" ማለታቸውን ትተው። ተቀበልኩት።

ፖሊስ ይዘን ወደ ጠጋኙ ሱቅ ሄድን። እኔ የሄድኩት ዲስኩን ለመለየት ነው፤ የንብረት ቁጥሩን የጻፍኩበት ራሴ ነኝ። ከባንኮኒው ሥር፣ ከጠፋችው የመጠባበቂያ ዲስክ ጋር በላስቲክ ተጠቅልሎ ተገኘ። "ሊደርቅልኝ ነው ያስቀመጥኩት" አለ ሰውየው። ሦስት ወር የሚደርቅ ምን ዓይነት ዲስክ ነው ብሎ አንዱ ፖሊስ ሳቀ። ሠራተኛ የሚያስቀጥር አንድ ደላላ፣ ማን በሽተኛ ማን ጤነኛ እንደሆነ ሊያውቅ ፈልጎ እንዳዘዘው ዘግይቶ ተናግሯል። ደላላውም ተይዟል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልጄ በር ላይ ቆማ ነበር። ሰውየው ሲወጣ በአጠገቧ አለፈ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ መንገደኛ በሚሰማው ልክ ብቻ "የልጆቻችንን ልብስ በምን እጅ እንደምትሰፊ ንገሪያቸዋ" አላት። መንገዱ ላይ ሰው ነበር።

በሳምንቱ ሁለት እናቶች መጥተው ጨርቃቸውን ወሰዱ። ሦስተኛዋም መጣች። ልጄ ጨርቁን አጥፋ ልትሰጣት ስትል ሴትየዋ አልተቀበለችም፤ "ኪሱን ጠለቅ አድርጊው፣ የእኔው ልጅ ጠጠር የሚሰበስብ ነው" ብላ ሄደች። ልጄ ያን ቀን አለቀሰች። ጨርቅ በወሰዱት ቀን አላለቀሰችም ነበር።

ዶክተሯ የመዝገብ ክፍሉን ቁልፍ ተቀብለውኛል። አሁን በር ላይ ተራ ቁጥር እሰጣለሁ። አልተቀየምኩም። ሽማግሌው ሲመጡ ቁጥራቸውን እሰጣቸውና ቀና ብዬ ማየት ያቅተኛል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ስለ ሕመሟ ለአንቺ መጻፌን ልጄ አልወደደችውም። "እኔ ነበርኩ የምነግራት" ብላኛለች። ራሷ እስክታነሳው ጠብቂያት።

ብትጽፊልኝም ባትጽፊልኝም እመርቅሻለሁ።
አጎትሽ

—

ታኅሣሥ 21

ይድረስ ለአጎቴ፤

እንደምን ነዎት? እኔ ደህና ነኝ፣ ዛሬ ደግሞ ከወትሮው ይበልጥ ደህና ነኝ።

ዶክተሯ ከሌላ ከተማ ያስመጡት ባለሙያ ዲስኩን መርምሮታል። በውስጡ ያለው ቁልፍ እኔ ለሦስት ዓመት ከያዝኩት ጋር ገጥሟል፤ በእርግጥ የእኛው ዲስክ ነው። ሆኖም ሦስት ወር በሌላ ሰው እጅ የዋለ ዕቃ ስለሆነ እንዳለ አልተጠቀምንበትም። አዲስ ማሽን ተተክሏል፣ ፋይሉ ሳይከፈት ወደዚያ ተዛውሯል፣ አዲስ ቁልፍም ተፈጥሯል። የድሮውን ከታመኑት ዝርዝር አውጥቼዋለሁ።

ስለ እርስዎ ልንገርዎ። ተቀይሜያለሁ፤ አልተቀየምኩም ብል አሁን እኔ የምዋሽዎት ነኝ። ኮምፒውተሬ አንድ ቁልፍ ካልገጠመው በሩን ዘግቶ ያርፋል። እኔ ግን እርስዎ ላይ እንዲያ ማድረግ አልቻልኩም። ስለዚህ መጻፍዎን አይተዉ። እኔም እንደ ድሮው እያንዳንዷን መስመር እያየሁ አነባለሁ፤ ይህን ደግሞ ይታገሱኝ።

አዲሱን አሻራ ማሽኑ ፊት ቆሞ በስልክ የሚያነብልኝ ሰው ያስፈልግ ነበር። ዶክተሯ በሽተኛ ይዘው ነበርና "መድኃኒቷን ልትወስድ የመጣች አንዲት ሴት አንብቤ እሰጣለሁ ብላለች" አሉኝ። ስልኩን የያዘችው እህቴ ናት። ድምፅዋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው።

የልብስ ልክ እንደምታነብ ነበር የምታነበው፤ አንዷን ብላ ቆም ትላለች፣ እኔ ስደግመው ወደሚቀጥለው ታልፋለች። "ትልቁ ፊደል፣ ትንሹ ፊደል፣ ዜሮ፣ ቁጥሩን ነው የምልሽ።" አርባ ሦስቱም ገጠሙ። "አበቃ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አልኳት።

እሷ ግን አልዘጋችም። ከኋላዋ ሰው ሲያስል፣ ወንበር ሲጎተት ይሰማኛል። ቆይታ፣

"የእኔም ካርድ እዚህ ውስጥ ነው" አለችኝ።

አውቃለሁ አላልኳትም። ከመቼ ጀምሮ ብዬ ጠየቅኳት። እሷም ከመጀመሪያው ቀን አንስታ፣ እንዴት እንዳወቀች፣ ለማን ልትነግር አስባ ለማን እንዳልነገረች፣ አንድ በአንድ ነገረችኝ። የይለፍ ቃሉን ያስገባሁት ተናግራ ከጨረሰች በኋላ ነው። ፋይሎቹ ተከፈቱ። ስድስት መቶ አሥራ አራት መሆናቸውን በቁጥር አየሁ፤ የማንንም ስም ሳልከፍት ለዶክተሯ "መግባት ይችላሉ" አልኳቸው።

በሰላም ይቆዩልኝ።
የእህትዎ ልጅ